ስልክ፣ መታጠቢያ ቤትና 28.8 በመቶ፦ የግራትስ ኮሚኒስቶች የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

ሴፕቴምበር 26 ቀን 2021 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦስትሪያ ሁለተኛ ከተማ በግራትስ የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ተካሄደ። ድምፅ ተቆጥሮ ሲያልቅ የኦስትሪያ ኮሚኒስት ፓርቲ በ28.8 በመቶ አንደኛ ወጣ። የከንቲባነቱን ወንበር ለ18 ዓመት ይዞ የቆየው ወግ አጥባቂው የሕዝብ ፓርቲ በ25.9 በመቶ ሁለተኛ ሆነ፤ ከንቲባውም በዚያው ምሽት ከሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። ይኸው ኮሚኒስት ፓርቲ ግን ከ1959 ምርጫ ወዲህ በአገሪቱ ፓርላማ አንድም ወንበር አግኝቶ አያውቅም።

ለአማርኛ አንባቢ «ኮሚኒስት» ቀላል ቃል አይደለም። ደርግን ያስታውሳል፤ ያን ጊዜ የደርግ ሁነኛ ወዳጅ የነበረችውን ምሥራቅ ጀርመንንም ያስታውሳል። ስለዚህ በነፃ ምርጫ፣ በበለጸገ አገር፣ ይህን ስም የያዘ ፓርቲ እንዴት አሸነፈ የሚለው ጥያቄ በደንብ ሊጠና ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች የተከፋው መራጭ ወደ ቀኝ ፖፑሊስቶች (ራሳቸውን በልሂቃን ላይ የተነሣ የተራው ሕዝብ ድምፅ አድርገው ወደሚያቀርቡ ፓርቲዎች) ሲጎርፍ በቆየበት ዘመን ግራትስ ላይ ሌላ ነገር ሆኗል።

ባለጉዳዮቹን በስም አልጠራም። ተደጋግመው የሚነሡት ሁለት ናቸው፦ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ምክር ቤት የገቡት «ነባሩ ተመራጭ» እና በኋላ ከንቲባ የሆኑት «ተተኪዋ»።

ዳራ

ፓርቲው በ1918 የተመሠረተ፣ በአውሮፓ ካሉት የኮሚኒስት ፓርቲዎች አንጋፋዎቹ ከሚባሉት አንዱ ነው። ናዚዎችን በመታገል ብዙ አባላቱን አጥቷል፤ በ1945 በቆመው ጊዜያዊ መንግሥት ውስጥም ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ጎን ተቀምጦ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ምርጫ ያገኘው 5.4 በመቶ ብቻ ነው። እስከ 1955 ድረስ ምሥራቁን የአገሪቱን ክፍል ይዞ የነበረው የሶቪየት ጦር ስለሆነ ሕዝቡ ፓርቲውን ከወታደሮቹ ለይቶ አላየውም። በ1956 ሃንጋሪ፣ በ1968 ቼኮዝሎቫኪያ በታንክ ሲደፈጠጡ የቀሩት አባላትም እየተንጠባጠቡ ወጡ።

የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ደግሞ የገንዘብ ጣጣ መጣ። ኖቩም የሚባል ከምሥራቅ ጀርመን ጋር ይነግድ የነበረ ድርጅት የማን ነው በሚል ክርክር ዓመታት አለፉ። በ2003 አንድ የበርሊን ፍርድ ቤት ድርጅቱ የምሥራቅ ጀርመን ገዢ ፓርቲ ንብረት ነበር ብሎ ወሰነ፤ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ ከኦስትሪያው ፓርቲ እጅ ወጣ። ቪየና ያለው ማዕከል ሠራተኛ ቀነሰ፣ ንብረት ሸጠ። ግራትስ የምትገኝበት የሽታየርማርክ ክፍለ ሀገር ቅርንጫፍ ግን ከማዕከሉ ጋር የሐሳብ ልዩነት ስለነበረው ራሱን ችሎ መሥራት ጀምሮ ነበር። ይህ ለታሪኩ ትልቅ ቦታ አለው፤ ቅርንጫፉ የማዕከሉን ገንዘብም ትእዛዝም አልጠበቀም።

በ1983 በግራትስ ያገኘው 1.8 በመቶ፣ ማለትም አንድ ወንበር ነው። ይህ ነው መነሻው።

ችግሩ

ችግሩ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው የከተማዋ ነዋሪ ችግር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በግራትስ አሮጌ ሕንፃዎችን እየገዙ፣ በአሮጌው ኪራይ የሚኖሩትን ነዋሪዎች አስወጥተው፣ አድሰው በውድ የሚያከራዩ ነጋዴዎች በዝተው ነበር። የኦስትሪያ የኪራይ ሕግ ተከራዩን በብዙ መንገድ ይጠብቃል፤ በአሮጌ ቤቶች ላይ የኪራይ ጣሪያ አለ፣ ተከራይን ያለ በቂ ምክንያት ማስወጣት አይቻልም። ነገር ግን ሕጉ ውስብስብ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ ከአከራዩ ጠበቃ «በዚህ ቀን ልቀቂ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳቸው ሕጉን አገላብጠው መብታቸውን የሚያገኙት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። አብዛኛው ሰው ፈርቶ ይወጣል።

የከተማው የራሱ ቤቶችም (እኛ የቀበሌ ቤት እንደምንለው ዓይነት) ችግር ነበረባቸው። ሕጉ የኪራይ ቤቶችን በአራት ደረጃ ይከፍላል። አንደኛው ደረጃ መታጠቢያውም ማሞቂያውም የተሟላለት ነው። አራተኛው ደግሞ ሽንት ቤት ወይም የውኃ ቧንቧ በቤቱ ውስጥ የሌለው ነው፤ ነዋሪው ለሽንት ወደ ጋራው መተላለፊያ ይወጣል። ከአውሮፓ ሀብታም አገሮች አንዷ በሆነችው ኦስትሪያ፣ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሊያልቅ ሲል፣ ግራትስ ውስጥ በማዘጋጃ ቤቱ ቤት እየኖረ መታጠቢያ የሌለው ሰው ነበረ።

ሁለተኛው የፓርቲው ችግር ነው። የቆመለት ሥርዓት በ1989 ፈርሷል። የተከፋው ሠራተኛ ድምፅም ወደ ሌላ እየሄደ ነበር፤ ከ1986 ጀምሮ በአዲስ መሪ ስር ፖፑሊስት የሆነው የነፃነት ፓርቲ በ1998 በግራትስ ከ26 በመቶ በላይ አገኘ። በአገር ደረጃ ደግሞ በ1999 ወደ 27 በመቶ ደረሰ።

ምን ተደረገ

የመጀመሪያው እርምጃ ስልክ ነው። ፓርቲው «የተከራዮች የድረሱልኝ ጥሪ» የሚል የስልክ መስመር ከፈተ። ጥሪው ሲመጣ ሰዎቹ ደብዳቤውን ያነባሉ፣ የኪራይ ውሉን ያያሉ፣ ኪራዩ ከሕጋዊው ጣሪያ በላይ ከሆነ ትርፉን ማስመለስ እንደሚቻል ይነግራሉ፣ አስፈላጊ ከሆነም ቦታው ድረስ ይሄዳሉ። ደዋዩን የማን ደጋፊ ነህ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሥራው አሰልቺ ነው፤ የማሞቂያ ሒሳብ መቁጠር፣ ውል ማንበብ፣ ማመልከቻ መጻፍ። የፓርቲው ርዕዮተ ዓለም በዚህ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ቦታ አልነበረውም።

ከስልኩ ጋር አብሮ የፊርማ ዘመቻ መጣ። የማዘጋጃ ቤት ቤት የሚኖር ሰው ከገቢው ከሲሶ በላይ ለቤት መክፈል የለበትም የሚል ጥያቄ በሺዎች ፊርማ ተደግፎ ቀረበ፤ ምክር ቤቱም ተቀበለው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምለው አለኝ። ጥያቄው «ኪራይ ይቀንስ» ቢሆን ኖሮ ማንም ያነሣዋል፣ ማንም ይረሳዋል። «ከገቢ ሲሶ» ግን ማንኛዋም እናት የወር ሒሳቧን ስታሰላ ልትለካው የምትችለው ነገር ነው።

በ1998 ፓርቲው 7.9 በመቶ አገኘ። በግራትስ ሕግ መሠረት የከተማው የሥራ አመራር ወንበሮች ለፓርቲዎች የሚታደሉት በድምፃቸው መጠን ነው፤ ጥምረት ውስጥ ያልገባ ፓርቲም ድምፁ ከበቃ አንድ ዘርፍ ይደርሰዋል። ስለዚህ ነባሩ ተመራጭ ሥራ አመራሩ ውስጥ ገቡ፤ የተሰጣቸውም የቤቶች ዘርፍ ነው። በከተማዋ ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው ሌሎቹ ፓርቲዎች ይህን ዘርፍ የለቀቁላቸው ይከሽፉበታል ብለው ነው። የቤት ዘርፍ የተጠባባቂ ዝርዝር፣ የሚያለቅስ አመልካችና የተበላሸ ቧንቧ የሞላበት ስለሆነ ግምቱ ሞኝነት አልነበረም።

እሳቸው ግን የያዙት መታጠቢያ ቤቱን ነው። ግራትስ የ2003 የአውሮፓ የባህል መዲና ለመሆን ስትዘጋጅ ከተማዋ ለሕንፃና ለትርዒት ብዙ ገንዘብ መደበች። ነባሩ ተመራጭ ታዲያ ለባህል መዲና የሚሆን ገንዘብ ካለ በከተማው ቤቶች ውስጥ መታጠቢያ የሚሠራበትም ሊኖር ይገባል ብለው ተከራከሩ፤ ገንዘቡም ተገኘ። በየቤቱ መታጠቢያና ሽንት ቤት ተሠራ። በ2003 ምርጫ ፓርቲው ወደ 20.8 በመቶ ዘለለ። የነፃነት ፓርቲ በአንጻሩ ወደ 8 በመቶ ወረደ። ይህን ሁሉ ኮሚኒስቶቹ ወሰዱት ማለት ግን ስህተት ነው፤ የነፃነት ፓርቲ በዚያ ሰሞን በመላ አገሪቱ በውስጥ ሽኩቻ ወድቆ ነበር። የወደቀውን ድምፅ የሚያነሣ ሌላ አማራጭ በስፍራው መገኘቱ ነው ዋናው።

ሌላው እርምጃ በዓለም ዙሪያ ስማቸውን ያስጠራው የደመወዝ ደንብ ነው። በሥራ አመራር ደረጃ የተመረጠ የፓርቲው ሰው ከደመወዙ የአንድ ባለሙያ ሠራተኛ ገቢ የሚያህለውን ብቻ ወስዶ የቀረውን ለተቸገረ ይሰጣል። በ2021 ተተኪዋ ለራሳቸው የሚያስቀሩት በወር 1,950 ዩሮ ገደማ ነበር። የቀረው ለኪራይ ማስያዣ፣ ለተቆረጠ መብራት፣ ለተበላሸ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ይውላል። በየዓመቱ መጨረሻ ደግሞ «የተከፈቱ ሒሳቦች ቀን» ብለው ጋዜጠኛ ጠርተው ስንት ሰው ስንት እንደተረዳ፣ የሰው ስም ሳይጠሩ፣ መዝገቡን ያሳያሉ።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም

በ2005 ነባሩ ተመራጭ ወደ ክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ተወዳድረው ፓርቲውን በ6.3 በመቶ አስገቡ። ግራትስ ላይ ግን የተወዳጁ ሰው መሄድ ዋጋ አስከፈለ፤ በ2008 ድምፁ ከ20.8 ወደ 11.2 በመቶ ወረደ። ብዙ ተንታኞች «አንድ ሰው ነበር፣ ሰውየው ሄደ» አሉ።

ተተኪዋ ከ1993 ጀምሮ ምክር ቤት ውስጥ ነበሩ፤ የቤቶችን ዘርፍም በ2005 ተረክበዋል። ያንኑ የቢሮ በር ከፍተው፣ ያንኑ ስልክ እያነሱ ቀጠሉ። በ2012 ድምፁ ወደ 19.9 በመቶ ተመለሰና ፓርቲው ሁለተኛ ሆነ። ሰባት ዓመት ያህል የፈጀ ነገር ነው፤ እኔ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የማደንቀው ይህንን ዝም ያለ ዘመን ነው።

በ2016 መጨረሻ ፓርቲው በሙር ወንዝ ላይ ሊሠራ ስለታሰበው የኃይል ማመንጫ ሕዝቡ ይጠየቅ ብሎ በጀቱን ሳይደግፍ ቀረ፤ በዚህ ምክንያት ምርጫው ቀደም ብሎ በፌብሩዋሪ 2017 ተደረገ። ፓርቲው 20.3 በመቶ ቢያገኝም የሕዝብ ፓርቲና የነፃነት ፓርቲ ተጣምረው የቤቶችን ዘርፍ ከእጁ ነጥቀው ለነፃነት ፓርቲ ሰጡ። ተተኪዋ የደረሳቸው ትራንስፖርት ነው። ዓላማው ግልጽ ነበር፦ ኮሚኒስቶቹን ከቤት ጉዳይ መለየት። አልተሳካም፤ የቤት ችግር ያለበት ሰው የዘርፉ ኃላፊ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ወደለመደው በር መሄዱን አላቆመም። ከተማዋን የሚመራው ጥምረት በበኩሉ ስለ ክረምት ኦሊምፒክና ስለ ምድር ባቡር ሲያወራ፣ በየሰፈሩ የሚበቅለው የግል አፓርታማ ግንባታ ነዋሪውን አስመርሮ ነበር። የ2021 ውጤት ከዚህ መጣ። ኖቬምበር 17 ቀን ተተኪዋ ከአካባቢ ጥበቃ ፓርቲው ከአረንጓዴዎቹና ከሶሻል ዴሞክራቶቹ ጋር ተጣምረው ከንቲባ ሆኑ፤ ከ48 ወንበር 28ቱን ይዘው።

የሠራውና ያልሠራው

የውጭ ጋዜጦች ደመወዙን ነው አጉልተው የጻፉት። እኔ ሚስጥሩ እሱ ነው ብዬ አላምንም። ደመወዝ መስጠት ሰውን ያስከብራል፤ ነገር ግን ስልኩና የቢሮው በር ባይኖሩ ምጽዋት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። የሠራው የሦስቱ መያያዝ ነው፦ ሰው ችግሩን ይዞ ይመጣል፤ ከመጡት መቶ ችግሮች የትኛው ተደጋጋሚ እንደሆነ ይታያል፤ ተደጋጋሚው የምክር ቤት አጀንዳ ይሆናል። «ከገቢ ሲሶ» የሚለው ደንብ የዚህ ዓይነት ልጅ ነው። ተቺዎች ገንዘብ ማደሉን ድምፅ መግዛት ነው ይሉታል። ትችቱን አቅልዬ አላየውም፤ ተመራጭ ለመራጭ ገንዘብ ሲሰጥ አደጋ አለው። መዝገቡን በየዓመቱ በአደባባይ መክፈታቸው ግማሽ መልስ ነው፣ ሙሉ መልስ አይደለም።

ያልሠራውም ብዙ ነው። በ2024 የአገር አቀፍ ምርጫ ፓርቲው 2.4 በመቶ አግኝቶ ለፓርላማ የሚያበቃውን 4 በመቶ ሳይሞላ ቀረ፤ አንደኛ የወጣው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የነፃነት ፓርቲ ነው፣ ወደ 29 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር በሽታየርማርክ ክፍለ ሀገር ምርጫ የነፃነት ፓርቲ 34.8፣ ኮሚኒስቶቹ 4.5 በመቶ አገኙ። የግራትስ ሞዴል የቀኙን ማዕበል በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች እንኳ አላቆመም። መታመን በእግር የሚሄድ ነገር ነው፤ ስልኩ ያልደረሰበት መንደር ፓርቲው እንደ ሩቅ ስም ነው የሚታየው።

ሁለተኛው ድክመት የውጭ ጉዳይ ነው። በ2021 አንድ የፓርቲው የክፍለ ሀገር ምክር ቤት አባል በአምባገነን ወደምትገዛው ቤላሩስ ተጉዘው በመንግሥት ቴሌቪዥን ቀረቡ፤ ትልቅ ወቀሳ አስነሣ። ስለ ቤት በጠራ ቋንቋ የሚናገር ፓርቲ ስለ ቤላሩስ መንግሥት ሲጠየቅ ይንተባተባል። ኮሚኒዝም በስሙ ሰው የተገደለበት ነገር መሆኑን ለምናውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ፓርቲው ይህን ሒሳብ እንደ ደመወዙ ሒሳብ ግልጽ አድርጎ አልከፈተውም።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። አዲሱ አስተዳደር ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ዕዳ ያለባትን ከተማ ተረከበ። የማዘጋጃ ቤት ቤቶችን የኪራይ ጭማሪ መግታት ችሏል፤ እንደልቡ አዲስ ቤት መሥራት ግን አልቻለም።

ለሌሎች የሚተላለፍ ትምህርት

ማነጻጸሪያው በርሊን ነው። የምሥራቅ ጀርመን ገዢ ፓርቲ ወራሽ የነበረው ፔዴኤስ በ1990ዎቹ በምሥራቁ ክፍል ከግራትስ ጋር የሚመሳሰል ሥራ ነበረው፤ የጡረታ ፎርም የሚሞላ፣ የኪራይ ደብዳቤ የሚያነብ ፓርቲ በመሆኑ «የሚጨነቅልህ ፓርቲ» ይባል ነበር። በ2001 በበርሊን 22.6 በመቶ አገኘና ከሶሻል ዴሞክራቶቹ ጋር መንግሥት ገባ። ከተማዋ በባንክ ቀውስ ምክንያት በዕዳ ተዘፍቃ ነበር። በ2004 ያ ጥምረት 65,000 ያህል የከተማ ቤቶችን ለግል ባለሀብቶች ሸጠ። በ2006 ምርጫ የፓርቲው ድምፅ 13.4 በመቶ ሆነ። ለውድቀቱ ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን የቤት ጠበቃ ሆኖ የተመረጠ ፓርቲ ቤት ሲሸጥ የሚያጣውን ነገር በሚቀጥለው የሥልጣን ዘመን አይመልሰውም። ሥልጣን ላይ ለመውጣት የሚያስብ ድርጅት በምን ጉዳይ ላይ ፈጽሞ እንደማይደራደር አስቀድሞ መወሰን አለበት። ግራትስ ላይ ያ ጉዳይ ቤት ነው።

ሞዴሉ ሌላ ቦታ መተከል እንደሚችል የኦስትሪያዋ ሳልዝቡርግ አሳይታለች። በ2023 የክፍለ ሀገሩ ምርጫ ኮሚኒስቶቹ 11.7 በመቶ፣ በ2024 በከተማዋ 23.1 በመቶ አገኙ። መሪ ሆኖ የወጣው ወጣት በአረንጓዴዎቹ የወጣቶች ክንፍ ያደገ ነው፤ ያወራ የነበረውም ስለ ኪራይ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጀርመን ደግሞ የፔዴኤስ ወራሽ የሆነው ዲ ሊንከ በ2024 ሞቷል ሲባል ከርሞ በፌብሩዋሪ 2025 ምርጫ 8.8 በመቶ አገኘ። ከምርጫው በፊት በር ለበር ሄዷል፣ ሰው የማሞቂያ ሒሳቡንና ኪራዩን ሕጋዊ መሆኑን የሚያጣራበት መንገድ ከፍቷል፣ አዲሶቹ የፓርቲው መሪዎችም ደመወዛቸውን ገድበዋል። ከግራትስ መማራቸውን አልደበቁም። በዚያው ምርጫ ግን የቀኝ ፖፑሊስቱ አማራጭ ለጀርመን 20.8 በመቶ ወስዷል።

የመጨረሻው ስለ መተካካት ነው። በጀርመን የቱሪንገን ክፍለ ሀገር ዲ ሊንከ በአንድ ተወዳጅ ጠቅላይ ሚኒስትር ዙሪያ በ2019 31 በመቶ ደርሶ ነበር። በ2024 ወደ 13.1 በመቶ ወረደ፤ ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ አዲስ ፓርቲ ብዙውን ድምፅ ሲያነሣ አማራጭ ለጀርመን በ32.8 በመቶ አንደኛ ሆነ። ግራትስም በ2008 ተመሳሳይ መውደቅ አይታ ነበር። ልዩነቱ በግራትስ ነባሩ ተመራጭ ሲሄዱ ተተኪዋ 12 ዓመት ምክር ቤት የሠሩ፣ የሰፈሩ ሰው በፊት የሚያውቃቸው፣ የኪራይ ውል ማንበብን ከእሳቸው ጎን ተቀምጠው የተማሩ መሆናቸው ነው። ከንቲባ ከሆኑ በኋላም በቢሯቸው ባለጉዳይ መቀበላቸውን አላቆሙም።